ወቅቱ ካለፈ በኋላ በውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህርነት ሥራ ማግኘት፦ ከጎጃም ለሚነሱ መምህራን

ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ ወይም ቡሬ የሚያስተምር መምህር ስለ ውጭ ሥራ በቁም ነገር ማሰብ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ሰኔ ላይ ነው፤ ውጤት ተሠርቶ፣ ካርድ ተሰጥቶ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የግል ትምህርት ቤቶች ግን ለነሐሴ መጨረሻ የሚያስፈልጋቸውን መምህር በአብዛኛው ከጥር እስከ ሚያዝያ ቀጥረው ይጨርሳሉ። የእኛ ሰው ሳያስበው ሁልጊዜ ከወቅቱ ውጭ ነው የሚፈልገው።

ከወቅት ውጭ የሚወጣው ቦታ ጥቂት ነው፤ ተወዳዳሪውም ግን ያንኑ ያህል ይሳሳል፣ ቀጣሪውም ተቸኩሏል። የተቸኮለ ቀጣሪ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው "መቼ መድረስ ይችላሉ?" ብሎ ነው። "በሦስት ሳምንት" ያለ ሰው "ዲግሪዬን ገና አላወጣሁም" ካለው የተሻለ መምህር ይበልጣል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ስለ ወረቀት ነው፤ ማስታወቂያ ማሳደዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

1. የተዘጋውን በር አስቀድመው ይለዩ

ደቡብ ኮሪያ ለውጭ ቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 ቪዛ ለእንግሊዝኛ በመሠረቱ የሰባት አገሮች ዜጎችን ይመለከታል፦ አሜሪካ፣ ብሪታኒያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ እና ደቡብ አፍሪካ። ቻይናም በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ ትከተላለች፤ ከዚያም በላይ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የቻይና መንግሥት መመሪያ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከላትን ገበያ አመናምኖታል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለእነዚህ ሁለት አገሮች ማመልከቻ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። "በቢዝነስ ቪዛ አስገብተንህ እናስተካክላለን" የሚል ቻይናዊ ወኪል ከመጣ ሕገ ወጥ ሥራ እያቀረበ ነው፤ ሲያዙ የሚታሰሩትም የሚባረሩትም እርስዎ ነዎት እንጂ እሱ አይደለም።

የተሻለ ዕድል ያለው በታይላንድ፣ በቬትናም፣ በካምቦዲያ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች መካከለኛ ክፍያ ባላቸው የግል ትምህርት ቤቶች ነው። እዚያም ቢሆን የአፍ መፍቻ ቋንቋው እንግሊዝኛ ለሆነ ሰው ብቻ የሚል ማስታወቂያ በብዛት ያጋጥማል። ይለፉት፤ ሊከራከሩት አይሞክሩ። ዲግሪዎ የፊዚክስ ወይም የሒሳብ ከሆነ ደግሞ እንግሊዝኛን ብቻ አይፈልጉ። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምር ሰው በዜግነቱ የሚጠየቀው ያነሰ ነው፣ በዓመቱ መካከል ሲለቅም ቶሎ ተተኪ አይገኝለትም።

2. ክፍተቱ የሚከፈትበትን ጊዜ በእኛ ወር ይያዙ

ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን፦ የመጨረሻ ደቂቃ ቦታዎች። ፈርሞ ሳይመጣ የቀረ፣ ቪዛው የተከለከለ፣ የተማሪ ቁጥር ከታሰበው በላይ ሆኖ አንድ ክፍል የተጨመረ፤ ክፍተቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከዓመቱ ሁሉ ፈጣኑ ቅጥር ይህ ነው፤ ከማስታወቂያ እስከ ውል አንድ ሳምንት የማይሞላበት ጊዜ አለ።

መስከረም እና ጥቅምት፦ ታይላንድ። የታይላንድ የትምህርት ዓመት ግንቦት አጋማሽ ጀምሮ መጋቢት ላይ ያልቃል፤ ሁለተኛው ሴሚስተር የሚከፈተው በጥቅምት ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት አካባቢ ነው። በመካከሉ ባለው ዕረፍት የሚለቁ መምህራን ስላሉ ማስታወቂያው መስከረም ላይ ይበረክታል። ለእኛ ደግሞ ትምህርት ገና የተጀመረበት ጊዜ ስለሆነ ማንም አያየውም።

ኅዳር እና ታኅሣሥ፦ ባሕረ ሰላጤው እንደገና። የመጀመሪያው መንፈቅ አልቆ በፈረንጆች ጥር መጀመሪያ ለሚተካ ሰው ነው። የወሊድ ፈቃድ፣ የሙከራ ጊዜውን ያላለፈ መምህር፣ አገሩ ናፍቆት የተመለሰ።

ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ፦ ቬትናም። ቴት የሚባለው የጨረቃ አዲስ ዓመት በእኛ ጥር ወይም የካቲት ይውላል፤ በሰሞኑ ምንም መልስ አይጠብቁ። ብዙ መምህራን የበዓል ጉርሻቸውን ተቀብለው የሚለቁት ከዚያ በኋላ ነው። የቬትናም የቋንቋ ማዕከላት የሚያስተምሩት ማታና ቅዳሜ እሑድ በመሆኑ የትምህርት ዘመን ብዙም አይገዛቸውም፤ ዓመቱን ሙሉ ይቀጥራሉ።

3. ወረቀቱን፣ ማንም በማይቀጥርበት ጊዜ ይጨርሱ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ሰነዶች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ የማያረጁና የሚያረጁ። መጀመሪያ የማያረጁትን፣ መጨረሻ ላይ የሚያረጁትን ይያዙ። ገልብጠው የሠሩ ሰዎች ዲግሪያቸው ሲረጋገጥ የፖሊስ ማስረጃቸው ጊዜው አልፎበት እንደገና አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳር ከ500 በላይ ነው፤ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ አውሮፕላን ካልሆነ በቀር መውጫ የለም። ስለዚህ ጉዞውን ወደ ሁለት ለማሳነስ ያቅዱ።

ኦሪጅናል ዲግሪ። ብዙ መምህር እጁ ላይ ያለው ቴምፖ ነው። ኦሪጅናሉን ለማውጣት የኮስት ሼሪንግ ዕዳ መክፈል ወይም በአገልግሎት መሸፈኑን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ይጠይቃል። በመምህርነት ሰጥተው ያሟሉ ከሆነ ደብዳቤው ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጀምራል፤ በጀት የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ስለሆነ ሰኔ ሳይገባ ይጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሲደርሱ በአንድ መንገድ ሦስት ነገር ይውሰዱ፦ ኦሪጅናል ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ እና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤ። ሦስተኛውን ማንም አያስታውሰውም፤ ለእንግሊዝኛ መምህር ግን ከፈተና ውጤት ቀጥሎ የሚጠቅመው እሱ ነው። በራስጌ ወረቀት፣ በማኅተም፣ በሬጅስትራሩ ስልክና ኢሜይል ይሁን።

ስም። ዲግሪው ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ የተወሰደው ከ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ነው። ፓስፖርቱ ደግሞ ከልደት ሰርተፊኬትና ከመታወቂያ። "ቀ"ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ከጻፈው፣ ወይም የአያት ስም በአንዱ ላይ ከጎደለ፣ ኤምባሲው የሁለት ሰው ወረቀት አድርጎ ይመልሰዋል። ዲግሪ ማስተካከል ከባድ ነው፤ ስለዚህ ፓስፖርት ገና ካላወጡ ልደት ሰርተፊኬቱንና ፋይዳውን በዲግሪው አጻጻፍ ያስመዝግቡ፣ ፓስፖርቱ ከዚያ ይከተላል። የልደት ቀንም እንዲሁ፦ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ተጽፎ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳያመጣ በየሰነዱ ያመሳክሩ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ። "በመልካም ሥነ ምግባር አገልግለዋል" የሚለው የተለመደው አንድ አንቀጽ ለውጭ ቀጣሪ ምንም አይነግረውም። የሚከተሉት እንዲገቡ ይጠይቁ፦ ያስተማሩት ትምህርት፣ የክፍል ደረጃ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ የጀመሩበትና ያበቁበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሙሉ ጊዜ መሆኑ። ደብዳቤው በአማርኛ ከሆነ በተፈቀደለት ተርጓሚ ተተርጉሞ መረጋገጥ አለበት። ርዕሰ መምህሩን ቀድመው ካነጋገሩ ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ጽፈው ያትማሉ፤ የትርጉሙ ወጪም ጊዜም ይቀራል።

ማረጋገጥ። ቅደም ተከተሉ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የተቀባዩ አገር ኤምባሲ ነው። አንዱን የዘለለ ይመለሳል። የመጨረሻውን ደረጃ፣ ማለትም ኤምባሲውን፣ አገሩ እስኪታወቅ ይተዉት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን አሁኑኑ ይጨርሱ። አንዳንድ የእስያ አገሮች ኢትዮጵያን የሚያስተናግዱት ከሌላ አገር ባለ ኤምባሲ ስለሆነ አገሩን ከመምረጥዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

የቋንቋ ፈተና። አይኢኤልቲኤስ አካዳሚኩን ይውሰዱ፤ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ታይላንድ ውስጥ ብዙ ቀጣሪዎች የአፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ላልሆነ ሰው አይኢኤልቲኤስ 5 ወይም ቶይክ 600 ይጠይቃሉ፤ ያ ግን መግቢያ እንጂ ማስቀጠሪያ አይደለም። 7 ያለው ሰው "የአፍ መፍቻ ብቻ" የሚል ማስታወቂያ ያወጣውን ትምህርት ቤት እንኳ አንዳንዴ ሐሳቡን ያስቀይረዋል፣ በተለይ ቦታው ባዶ ሆኖ ሦስት ሳምንት ካለፈው። በኮምፒውተር የተወሰደ ፈተና ውጤቱ በጥቂት ቀናት ይወጣል፤ በወረቀት ከሆነ 13 ቀን።

የማስተማር ሰርተፊኬት። ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው 120 ሰዓት የቴፍል (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር) ኮርስ ነው። በሁለት ቀን የሚያልቅ፣ "120 ሰዓት" ተብሎ የታተመ ርካሽ ወረቀት ቪዛ ክፍሉን ያልፍ ይሆናል፣ ቃለ መጠይቁን ግን አያልፍም። ገንዘብ ያለው ሴልታ የሚባለውን የካምብሪጅ የማስተማር ሰርተፊኬት ይውሰድ፤ በሙሉ ጊዜ አራት ሳምንት ገደማ ነው፣ ስድስት ሰዓት በእውነተኛ ተማሪ ፊት ማስተማርን ያካትታል፣ በኢንተርኔትም ይሰጣል። የትምህርት ዲግሪ ያለው መምህር ግን መጀመሪያ ገንዘቡን ፈተናው ላይ ያውል፤ የማስተማር ሥልጠና እንዳለው ዲግሪው ይናገርለታል።

ከወንጀል ነፃ ማስረጃና የጤና ምርመራ። ቬትናም ከስድስት ወር ያልበለጠ የፖሊስ ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ሌሎችም በዚያው አካባቢ ናቸው። አሻራው ከፌዴራል ፖሊስ ነው። ስለዚህ ይህንን የሚያወጡት ማመልከቻ መላክ በጀመሩበት ሳምንት እንጂ ከዓመት በፊት አይደለም። ጤናውን ደግሞ ቀጣሪው ፎርሙን ሳይልክ አይመርመሩ፤ ብዙ አገሮች የሚቀበሉት በራሳቸው ዝርዝር ካለ ሆስፒታል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ሰነዶቹን በሞባይል ፎቶ ሳይሆን በስካነር ያስነሡ፣ አንድ ፒዲኤፍ ያድርጉ፣ ከአምስት ሜጋባይት እንዳይበልጥ ያሳንሱ፣ ከስልክዎ ሌላ ጉግል ድራይቭ ላይም ያስቀምጡ። ቀጣሪው ሲጠይቅ ኔት ጠፍቶ፣ ወይም መብራት ሄዶ ኢንተርኔት ካፌው ተዘግቶ ሁለት ቀን ማለፍ ቦታውን ያሳጣል።

4. ሲቪው ላይ ያለው ዓመት

አጭር ነገር ነው፣ ግን ሰው ይጥላል። በ2012 የተመረቀ መምህር 2012 ብሎ ከጻፈ፣ አንባቢው የሚያየው በፈረንጅ 2012 ነው፤ ከዚያ ዲግሪው ላይ 2020 ያያል፤ ከዚያ ሲቪውን ይዘጋል። ሁሉንም ይቀይሩ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ይደምሩ። ሁለት ገጽ ይበቃል። በአናቱ ላይ፣ ከስምዎ ቀጥሎ፣ መቼ መጀመር እንደሚችሉና ሰነዶችዎ እስከ የት እንደተረጋገጡ በአንድ መስመር ይጻፉ። ከወቅት ውጭ ከዚህ መስመር በላይ የሚነበብ የለም።

ዋቢ ሰዎች ላይ ይጠንቀቁ። ነሐሴ ላይ ቀጣሪው ሲደውል የትምህርት ቤቱን ስልክ የሚያነሣ የለም። የርዕሰ መምህሩን የግል ስልክና ኢሜይል በፈቃዳቸው ይስጡ፣ በእንግሊዝኛ ሊደወል እንደሚችልም ይንገሯቸው።

5. የማስተማር ቪዲዮ

በዋናው ወቅት ቀጣሪ ጊዜ ወስዶ ያነጋግራል። ከወቅት ውጭ ግን "የሚያስተምሩበት ቪዲዮ አለ?" ይላል። ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ይኑርዎ።

ስልኩን አግድም አቁመው፣ ተማሪው የብርሃኑን መስኮት ወደ ጎን አድርጎ እንዲቀመጥ፣ ስልኩ ከእርስዎ ከሁለት ሜትር እንዳይርቅ፤ ድምፅ ከርቀት ከተወሰደ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ያስተጋባል። ስድሳ ተማሪ ያለበትን ክፍል አይቅረጹ። ክፍሉ የሚደነቅ ሆኖ ሳለ የውጭ ቀጣሪ ግን የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ልጆች ይበቃሉ፣ ወላጆች የፈቀዱላቸው፤ ልጆች ካልተገኙ ባልደረቦች ተማሪ ይሁኑ።

ይዘቱ፦ መጀመሪያ አንድ ዕቃ ያሳዩ፣ ሰፌድ ቢሆን ሎሚ ቢሆን። ሦስት ቃል ያስተምሩ፣ ተማሪ ይድገም። ከዚያ አንድ ጥያቄ በምሳሌ ያሳዩና ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲጠያየቁ ያድርጉ፤ በዚህ ጊዜ እርስዎ ዝም ይላሉ። መጨረሻ ላይ የሰሙትን አንድ ስህተት ሰሌዳ ላይ ጽፈው ተማሪው ራሱ እንዲያርመው ይጠይቁ። እኛ አገር የለመድነው የሰዋስው ሕጉን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማብራራት እዚህ አይሠራም። ተመልካቹ ሰዓት ይይዛል፦ መምህሩ ስንት ደቂቃ ተናገረ፣ ተማሪው ስንት? ብዙውን ቪዲዮ የሚጥለው ይህ ነው።

አነጋገርዎንም ያድምጡ። አማርኛ ተናጋሪ ላይ ጎልቶ የሚሰማው "ስኩል"ን "እስኩል" ማለትና "ቪ"ን ወደ "ቢ" መጫን ነው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሩብ ሰዓት ራስን ቀድቶ መስማት ይህን በእጅጉ ይቀንሳል።

ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ ሊንኩ ያለው ብቻ እንዲያየው አድርገው ይጫኑ፤ በኢሜይል አያያይዙ።

6. መላክ

ማስታወቂያ መጠበቅ ግማሹን ብቻ ያስገኛል። ለታይላንድ አጃርን ዶት ኮም፣ ለባሕረ ሰላጤው ቴስ፣ ለሁሉም ዴቭስ ኢኤስኤል ካፌ የሚባሉት የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች በየቀኑ ይታያሉ። ከወቅት ውጭ ያለው ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይለጠፍ ነው የሚሞላው። ዱባይ ውስጥ ኬኤችዲኤ፣ አቡዳቢ ውስጥ አዴክ የሚባሉት መሥሪያ ቤቶች የግል ትምህርት ቤቶችን ዝርዝርና የቁጥጥር ውጤት ያወጣሉ። ከዝርዝሩ መካከለኛ ደረጃ ያላቸውን ይምረጡ፣ በድረ ገጻቸው የርዕሰ መምህሩን ወይም የሰው ኃይሉን ኢሜይል ያግኙ፣ በሳምንት አሥር ያህል ይላኩ። በአንድ ኢሜይል ለሃምሳ ትምህርት ቤት የላከ ሰው ወደ ቆሻሻ ሣጥን ነው የላከው።

ደብዳቤው ከሰባት መስመር አይለፍ፦ ምን እንደሚያስተምሩ፣ የት ክፍል፣ ስንት ዓመት፣ የፈተና ውጤት፣ ሰነዱ የት እንደደረሰ፣ የሚጀምሩበት ቀን፣ የቪዲዮው ሊንክ። "ክቡር ሆይ፣ በታላቅ ትሕትና" የሚለውን የማመልከቻ ቋንቋችንን ይተዉት። ከሰባት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ።

ቀኑን ይምረጡ። ሳዑዲ ዓርብና ቅዳሜ ያርፋሉ፤ እሑድ ጠዋት ይላኩ። ኤምሬትስ ከ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ያርፋሉ። ለባንኮክና ለሃኖይ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንዲደርስ ከፈለጉ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ጂሜይል ቀጠሮ ይዞ ይልካልና መንቃት አያስፈልግም።

7. ቃለ መጠይቅ

ቀጣሪው 10:00 ካለ በእኛ አነጋገር 10 ሰዓት አይደለም። ለሪያድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ለዱባይ ከጠዋቱ 3፣ ለባንኮክና ለሃኖይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። መልሱ ላይ የሁለቱንም አገር ሰዓት ጽፈው ያረጋግጡ። ሁለተኛ ሲም ካርድ ዳታ ተሞልቶ፣ ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ይጠብቅ፤ ድምፅ ሲቆራረጥ ካሜራውን አስፈቅደው ያጥፉ።

ከወቅት ውጭ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ ለምን አሁን? ትምህርት ቤቶቻችን ከሰኔ እስከ መስከረም ዝግ መሆናቸውን ይንገሩት፤ አብዛኛው ሰው አያውቀውም። በዓመቱ መካከል የሚለቁ ከሆነ ደግሞ ተማሪዎችን ለማን እንደሚያስረክቡ ያስረዱ። ነገ እሱንም እንዲሁ ጥለውት እንዳይሄዱ ነው የሚፈራው።

8. ውሉ ላይ የሚታዩ ነገሮች

በመካከል የሚጀምር ውል የራሱ ወጥመድ አለው። ከጥር እስከ ሰኔ የሚል ውል የክረምቱን ሁለት ወር ደመወዝ ይቆርጣል፤ በጽሑፍ ይጠይቁ። የመመለሻ ትኬቱ ለሙሉ ዓመት ብቻ ነው ወይስ ለተሠራበት ያህል? ኤምሬትስ ውስጥ የአገልግሎት ክፍያ የሚገኘው አንድ ዓመት ሲሞላ ነው፣ የሙከራ ጊዜም ከስድስት ወር አይበልጥም። ታይላንድ ላይ ደግሞ ወረቀቱን ማን ያስጨርሳል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ስንት ሳምንት ያስተምሩኛል ብለው ይጠይቁ፤ ትክክለኛው መልስ ዜሮ ነው።

በእኛ በኩል፣ አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ የመሳሰሉት የሠራተኛው ናቸው። ከቤት ሠራተኝነት ውጭ ያለ ሥራ በራሱ ጥረት ያገኘ ሰው በቀጥታ እንዲቀጠር ሊፈቀድለት ይችላል፤ ውሉን ግን ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያቅርቡ። በኤጀንሲ ከሆነ ፈቃዱን ከሚኒስቴሩ ያጣሩ። "ቦታ ለማስያዝ" ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ፣ ባሕር ዳር ቢሮ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ከመነሻው አዋጁን እየጣሰ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በቴሌግራም ለሚመጣ የታይላንድ ሥራ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማር የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩ 260 ገደማ ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንዲህ ያለ ጥሪ ላይ ሦስት ምልክት ይታያል፦ ቃለ መጠይቁ አጭርና ስለ ማስተማር የማይጠይቅ ነው፣ ትኬቱ ቶሎ ይላካል፣ ቪዛው የቱሪስት ነው። ትምህርት ቤቱን ራስዎ በካርታ ፈልገው፣ በድረ ገጹ ባገኙት ስልክ ደውለው፣ ያነጋገረዎት ሰው እዚያ መሥራቱን ሳያረጋግጡ አይነሡ። ከአየር ማረፊያ ወደ ሜ ሶት ከተማ እንወስድሃለን ካሉ ያ የምያንማር ድንበር ነው።

9. መልቀቅ

መልቀቂያ የሚገባው ቪዛው ታትሞ እጅ ሲገባ ነው፤ የቅጥር ደብዳቤ ብቻ ይዘው ለቀው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ጥቂት አይደሉም። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ስለሚያስፈልግ ለአዲሱ ቀጣሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ቀን ይህን ወር ያካተተ ይሁን። ክሊራንሱን ሳይጨርሱ፣ መጻሕፍትና የመምህሩን መምሪያ ሳያስረክቡ ከሄዱ የመጨረሻውን የልምድ ደብዳቤ አያገኙም፤ ያ ደብዳቤ ደግሞ ለሁለተኛው የውጭ ቅጥር ይጠየቃል። ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚፈቅድ ወረዳ ካጋጠመ መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ። ለአንድ ታማኝ ዘመድ በሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና ሰጥተው ይሂዱ፤ ከዲግሪው ላይ አንድ ማኅተም ጎድሎ ከተገኘ ከሃኖይ ተመልሶ አዲስ አበባ ወረፋ የሚይዝ የለም።